ሽቅብ የወጣ ድንጋይ

በዚያ ቀን ጉብታው ላይ የነበርነው አራት ሰዎች ነን። ሌንሴ ነበረች፤ የነቀምት ልጅ፣ ከበከኒሳ ቀሴ ሰፈር፣ ከዩኒቨርሲቲ በሥነ ምድር ተመርቃ ሥራ የምትጠብቅ። ኦቦ ዳባ ነበሩ፤ በዕድሜ ለሦስታችንም አባት የሚሆኑ፣ ከኪራሙ ተፈናቅለው ጊዳ አያና የገቡ፣ ጅረት ዳር ወርቅ እያጠቡ ቤታቸውን የሚያስተዳድሩ። እንድሪስ ነበረ፤ ነቀምት ውስጥ ለግንበኞች ድንጋይ የሚሸከም ቀን ሠራተኛ። አፋን ኦሮሞ ሲናገር የጊዳ አያና ልጅ ነው፤ አማርኛ ሲናገር ግን ወላጆቹ ትተውት የመጡት ወሎ ይሰማል። አራተኛው እኔ ነኝ።

ሦስታችን የሄድነው ወርቅ ፍለጋ ነው። እንድሪስ የሄደው የእናቱን መቃብር ፍለጋ ነው። ያን ጊዜ ይህን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ የድንጋይ ክምር ነው። ሰሞኑን ከግቢያችን ማዶ ቤት የሚሠራ ሰው አንድ ገልባጭ ድንጋይ አራግፎ ነበር። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ አቧራውን አጥቦለት፣ ጠዋት ስወጣ ከክምሩ መሃል የእንቁላል ቅርጽ ያለው ነጭ ድንጋይ አየሁ። ልማዴ ነውና አነሳሁት፤ አገላበጥኩት፤ በአውራ ጣቴ ዳበስኩት። አንድም ሹል ጠርዝ የለውም። ውሃ ለብዙ ዘመን ያሸው ነው። ግንበኛው «ወንድም፣ ጠፋብህ እንዴ የምትፈልገው?» ብሎ ሳቀብኝ። ድንጋዩን ይዤው ገባሁ። ገና ወጣት ነህ ይሉኛል፤ እውነትም ነኝ። ከዚያ ጉብታ በፊት የነበረው ወጣትነቴ ግን የሌላ ሰው ይመስል ርቆኛል።

ሥነ ምድርን ማንም አላስተማረኝም። አንድ አሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሐፍና ስልኬ ላይ ያወረድኳቸው ገጾች ነበሩኝ፤ ኔትወርክ በጠፋባቸው ወራት እነሱን እየደጋገምኩ አነበብኩ። ወርቅ እንዴት እንደሚከማች የሚናገረውን ክፍል በቃሌ ይዤው ነበር። ከምድር ጥልቀት፣ በግፊት የታመቀ ሙቅ ውሃ ወርቁን አሟምቶ ይዞ በዓለት ስንጥቅ ይወጣል። ወደ ላይ ሲቀርብ ግፊቱ ይላላል፤ ይቀዘቅዛል፤ የያዘውን መሸከም ያቅተዋል። ያኔ ኳርትዝ የሚባለውን ነጭ ድንጋይ ስንጥቁ ውስጥ ያረጋዋል፤ ወርቁንም አብሮ ይጥለዋል። እንዲህ የሞላውን ስንጥቅ እኔ ጅማት እለዋለሁ። ተራራው በዝናብና በፀሐይ ሲላጭ ጅማቱም ይፈረካከሳል። ስባሪው ቁልቁል ይንከባለላል፤ ጅረት ይገባል፤ ወርቁ ከባድ ስለሆነ ውሃው በሚደክምበት መታጠፊያ ላይ ይቀመጣል። ኦቦ ዳባና መሰሎቻቸው የሚያጥቡት ደለል ወርቅ ከዚህ የመጣ ነው።

ከጅማቱ ተለይቶ ቁልቁለቱ ላይ ለተበተነው ስባሪ የአማርኛ ቃል አጣሁለት። ስለዚህ ራሴ «ስደተኛ ድንጋይ» አልኩት። ስደተኛ ድንጋይ የመጣበትን ቤት ይጠቁማል። ከታች ጀምረው ሽቅብ ሲከተሉት እየበዛ፣ እየተለቀ፣ ጠርዙም እየሰላ ይሄዳል፤ ከዚያ ድንገት ይቋረጣል። የተቋረጠበት ቦታ ቢቆፈር ጅማቱ አለ። ሌንሴም ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ይህንኑ ነበር። ሥራ ያጡ የሰፈሯ ልጆች ማኅበር አቋቁመው የወርቅ ማውጫ ቦታ ሊጠይቁ ስላሰቡ፣ ኦቦ ዳባ ወርቅ ከሚያጥቡበት ጅረት በላይ ጅማቱን ልታገኝላቸው ቃል ገባች። እኔን ዓይኑ አይስትም ብላ ወሰደችኝ። ተሸካሚ ሲያስፈልገን እንድሪስ ወሬውን ሰምቶ ሳንጠራው መጣ። «በነጻም ቢሆን እሄዳለሁ» ሲል ሌንሴ እየቀለደ መሰላት።

የካቲት ነበር። ከነቀምት ማልደን ወጣን። የአንገር ሸለቆ ገና በጠዋቱ ይሞቃል፤ የሚኒባሱ መስኮት ተከፍቶ የሚገባው ነፋስ የተቃጠለ ሣር ይሸታል። የሌንሴ እናት የቋጠረችልንን ጨጨብሳ ጉትን ከተማ ስንደርስ ፈታን፤ ቅቤው ቀልጦ ፌስታሉ ላይ ተንጣሎ ስለነበር ጣታችንን እየላስን በላን። ከዚያ በኋላ ባለው አንድ ፍተሻ ላይ ጠባቂው ቦርሳችንን ከፍቶ መዶሻውን አወጣ።

«ይሄ ለምንድነው?»

«ድንጋይ ልንሰብር» አለች ሌንሴ።

«ነቀምት ድንጋይ አጥታችሁ ነው?» አለና ጓደኛውን ጠቀሰው። ከዚያ ዓይኑን ወደ እንድሪስ አዞረ። «አንተስ ከየት ነህ?»

«ከነቀምት። ቀን ሠራተኛ ነኝ» አለ እንድሪስ በአፋን ኦሮሞ። ውሸት አልነበረም። መኪናው ከተነሳ በኋላ ግን ግንባሩን ከፊቱ ባለው ወንበር ላይ ደፋ። «አመመህ?» አልኩት። «አብሽር፣ መንገዱ ነው» አለኝ።

ኦቦ ዳባ ጅረቱ ዳር ጠበቁን። «አከም ቡልተን፣ ኢጆሌ፤ እንደምን አደራችሁ፣ ልጆች» ብለው እያንዳንዳችንን ጨበጡና ጊዜ ሳያጠፉ የእንጨት ገበቴያቸውን ይዘው ውሃው ውስጥ ገቡ። አሸዋውን ሲያዞሩት ቀላሉ በጠርዙ ይፈስሳል፤ ከታች ጥቁር አሸዋ ቀረ፤ ከጥቁሩ ጫፍ ላይ እንደ ብናኝ ያለ ቢጫ። በማጉያ መነጽር አየሁት። ብዙ የተጓዘ ወርቅ ጠፍጣፋና ልሙጥ ይሆናል፤ ይህ ሻካራ ነበር።

«ቅርብ ነው» አልኩ።

«ምን ያህል ቅርብ?» አለች ሌንሴ።

«ከዚህ ጉብታ አያልፍም።»

እንድሪስ ጉብታውን አላየም። ጅረቱን ነበር የሚያየው፤ ዳር ዳሩን፣ ነጫጭ ድንጋይ የተከማቸበትን ዳርቻ። ጎንበስ ብሎ እጁን ውሃው ውስጥ ከተተና አቆየው።

ስደተኛው ድንጋይ ወዲያው ተገኘ። ሣሩ ተቃጥሎ ቁልቁለቱ ጥቁር ነበር፤ በጥቁሩ ላይ ነጩ ድንጋይ እንደረገፈ ጥርስ ተበትኗል። ይህን የመሰለ ግልጽ መንገድ በመጽሐፍም አላየሁም። በስተግራችን የማንጎ ዛፎች በመስመር ቆመው ነበር። ማንጎ በራሱ በመስመር አይበቅልም፤ የሚተክለው ሰው ነው። ቤት ግን አልነበረም።

«እዚህ ሰው ነበረ እንዴ?» አለች ሌንሴ።

«ነበረ» አሉ ኦቦ ዳባ። «ሰው ያልነበረበት ቦታ የለም። እኔ ስመጣ ግን ባዶ ነበር።»

በዚያ ሰፈር ላይ ምን እንደደረሰ ማንም አላብራራም፤ ማንም አልጠየቀም። በእነዚያ ዓመታት በዚያ አገር የተዘጋ በር ሁሉ ምክንያቱ ይታወቃል። አፋን ኦሮሞ የሚናገሩም አማርኛ የሚናገሩም ቤታቸውን ጥለው ሄደዋል። እንድሪስ ወደ አንዱ ማንጎ ሄዶ መዳፉን ግንዱ ላይ አሳረፈ። ጥላ የፈለገ መሰለኝ።

ሽቅብ ስንወጣ የተሻለውን እየመረጥኩ አነሳሁ። ሌንሴ ማርከሯ ደርቆባት ስለነበር በቀይ የጥፍር ቀለም ድንጋዮቹ ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ እያለች ምልክት ጻፈች። እኔ ደግሞ እያንዳንዱን ባነሳሁበት ቦታ ላይ እንጨት እተክላለሁ፤ ከየት እንደተነሳ የማይታወቅ ድንጋይ ምንም አይናገርም። መ የተጻፈባት ድንጋይ ከሁሉም ትበልጥ ነበር። የዳቦ ግማሽ ታክላለች፤ አንድ ጎኗ ተሰንጥቋል፤ መሃሏን የዝገት መስመር ይዞራታል፤ ዝገቱ ውስጥ የመርፌ ጫፍ የሚያስገቡ ባዶ ቀዳዳዎች አሉ። ወርቅ ፈላጊ የሚደሰትበት ምልክት ይህ ነው፤ ከወርቁ ጋር የነበረው ሌላው ማዕድን በስብሶ ሄዷል፤ ወርቁ ግን ቀርቶ ይሆናል።

ኦቦ ዳባ መዶሻውን ተቀበሉኝ። «ይህችን እዚሁ ልስበራት። ካለባት ይታያል።»

እንድሪስ ከኋላ ሮጦ መጣ። «ኦቦ ዳባ፣ ይህችን ይተዉአት። እኔ እሸከማታለሁ።»

«ከባድ ናት እኮ!»

«ተሸክሜ አውቃለሁ።»

ሌንሴ ሳቀች። «አንተ ልጅ፣ ሥራህን ይዘህ መጣህ? እዚህም ድንጋይ!» ሁላችንም ሳቅን። እሱ ድንጋዩን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቀፈ። ግንበኛ ጋ የሚሸከም ሰው ድንጋይ ትከሻው ላይ ነው የሚያደርገው። ይህን ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ነጩ ድንጋይ ሰፊ ቦታ ሸፍኖ ተነባብሮ ተኝቷል፤ ከዚያ በላይ ግን አንድም የለም። ልክ እንደተጻፈው ተቋርጧል። ሌንሴ እጇን አጨበጨበች። «አገኘነው! ኦቦ ዳባ፣ እዚህ ጋ፣ በአግድም ይቆፈር!» ኦቦ ዳባ ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ዶማቸውን አነሱ።

እኔ እግሬ ሥር አንድ ድንጋይ አየሁ። እንደ ሌሎቹ የተሰነጠቀ አልነበረም፤ ሙሉ ነው። አነሳሁት። ክብ ነው፤ ልሙጥ ነው። ሌላ አነሳሁ፤ አንዱ ጎኑ ስለታም፣ ጀርባው ግን ልሙጥ። ጠርዙን ያሰላው የሣሩ እሳት መሆኑ ያኔ ገባኝ፤ እሳት ኳርትዝን ይሰነጥቃል። ወደ ላይ ስንወጣ የማየው የተሰበረውን ፊት ብቻ ነበር።

«ሌንሴ፣ ይህን እዪው።»

«ምን አለው?»

«ክብ ነው።»

«እና?»

«ክብ የሚያደርገው ውሃ ነው። ጅረቱ ታች ነው። ድንጋይ ሽቅብ አይንከባለልም።»

ተቀበለችኝና አገላበጠችው። ደስታዋ ከፊቷ ላይ ሲጠፋ አየሁት። «ታዲያ ማን አመጣው?»

«እኛ» አለ እንድሪስ።

ዶማው አየር ላይ ቀረ።

«እባካችሁ አትቆፍሩ። ይህ የእኛ ሰፈር መቃብር ነው። ሰው ሲሞትብን ቀባሪው ሁሉ ከጅረቱ አንድ አንድ ነጭ ድንጋይ ይዞ ይወጣ ነበር። አሮጊትም ልጅም። መቃብሩ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ከሩቅ እንዲታይ፣ ከብት እንዳይረግጠው። እናቴ እዚህ ናት።»

ኦቦ ዳባ ዶማውን ቀስ አድርገው አወረዱና ኮፍያቸውን አወለቁ። ከዚያ ወደ እግራቸው አዩ። «የት ነው የቆምኩት?» አሉ፤ ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ሆነ። ሁላችንም ወደ እግራችን አየን። ዝናቡና አረሙ ጉብ ያለውን ሁሉ አስተካክሎት ስለነበር የቱ መቃብር የቱ ሜዳ እንደሆነ አይለይም። እግሬን አንስቼ የማሳርፍበት አጣሁ። እስካሁን አልፎ አልፎ ሜዳ ላይ ስሄድ ያ ስሜት ይመጣብኛል፤ መሬቱ ከሥሬ የሚያዳምጠኝ ይመስለኛል፤ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ለምን አልነገርከንም?» አሉ ኦቦ ዳባ።

«ብነግራችሁ ታመጡኝ ነበር?»

ኦቦ ዳባ ኮፍያቸውን በእጃቸው አሹት። «የእኔም አባት ኪራሙ ነው የተቀበረው» አሉ። «መቃብሩ ደህና ይሁን አይሁን አላውቅም። ይዞኝ የሚሄድ ባገኝ እኔም ለማንም አልናገርም ነበር።»

«የትኛዋ ናት?» አለች ሌንሴ።

«አላውቅም።» እንድሪስ ያቀፈውን ድንጋይ ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። «ራስጌዋ የእንጨት ምልክት ነበረ፤ እሳቱ በልቶታል። ይህች ግን የእኔ ናት። ታች እንዳየኋት አውቄያታለሁ። እህቴ መቀነት የታጠቀች ድንጋይ አመጣህ ብላ ሳቀችብኝ። በቀብሩ ቀን፣ እያለቀሰች፣ ሳቀች።»

የዝገቱን መስመር በጣቱ ተከተለው። እኔ የወርቅ ምልክት ያልኩት እሱ ነበር።

ያኔ ነው እንጨቱ ትዝ ያለኝ። መ የተነሳችበትን ቦታ አውቀዋለሁ፤ ምልክት ተክዬበታለሁ። ድንጋይ ሲንከባለል ውሃ በሚሄድበት ይሄዳል። ከእንጨቱ ተነስተን ሽቅብ ብንከተል፣ ጅማት በሚፈለግበት በዚያው መንገድ መቃብሯን ማግኘት እንችላለን። ይህን ስነግራቸው ሌንሴ ቀድማ ገባት። «ውሃ» አለች። «ያለንን ውሃ አምጡ።»

የምንጠጣውን ጀሪካን ይዘን፣ ነጭ ድንጋይ የተሰበሰበበትን እያንዳንዱን ቦታ እየዞርን በቀስታ አፈሰስን። አመዱ ላይ ውሃው መንገድ ይሠራል። አንዱ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ሌላው ማንጎዎቹ ጋ ይወርዳል። እንድሪስ ድንጋዩን እንደታቀፈ ከእንጨቱ አጠገብ ቆሞ ይጠብቃል። ኦቦ ዳባ ከላይ ያፈስሳሉ፤ «መጣ?» ብለው ይጮኻሉ። «አልመጣም» ይላል። እንደገና፤ «መጣ?» «አልመጣም።» ፀሐይዋ አናታችን ላይ ነበረች፤ ማንም ግን ከጀሪካኑ አልጠጣም።

በመጨረሻ «መጣ!» አለ።

ሮጠን ወረድን። የውሃው ክር በአመዱ መሃል ተጣጥፎ እንጨቱ ሥር ደርሷል። ክሩን ተከትለን ወጣን። ከጫፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ ግን የውሃው መንገድ ለሁለት ይከፈል ነበር፤ ማለትም ከሁለት ቦታ የመጣ ውሃ እዚያ ይገናኛል። ጎንበስ ብለን ድንጋዮቹን ስንከተል የሁለት መቃብሮች ቅርጽ ጎን ለጎን ተለየልን። የፀሐይ መውጫ በኩል ያለው አጠር ይላል፤ ራስጌው ላይ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ቆሟል። ሌላው ረዘም ይላል፤ ራስጌው ላይ ምንም የለም። ደጋግመን አፈሰስን። ሁለቱም ወደ እንጨቱ ይወርዳሉ። ከዚህ በላይ ድንጋዩም ውሃውም የሚነግረን ነገር አልነበረም።

«እናትህ አጭር ነበረች?» አልኩት።

አጭሩን መቃብር በዓይኑ ለካው። «አላውቅም። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ረጅም ትመስለኝ ነበር።»

«ጥቁሩን ድንጋይስ?»

«ጥቁር ድንጋይ አላስታውስም። ከቀብሩ በኋላ ብዙ ሳንቆይ ነው የወጣነው። በኋላ ሰው አድርጎላት ይሆናል።»

በሁለቱ መሃል ተቀመጠና ድንጋዩን እዚያው፣ ከሁለቱም እኩል ርቀት ላይ አሳረፈው። ሌንሴ ቀዩን ፊደል በጥፍሯ ልትፍቅ ስትጀምር እጇን ያዘ። «ተዪው። ይታወቅበታል።» ከዚያ መዳፉን ዘርግቶ ለሙታን የሚባለውን ፋቲሃ ቀራ። ኦቦ ዳባ የሚጸልዩት በሌላ እምነት ነው፤ ግን ራቅ ብለው ቆመው በአፋን ኦሮሞ ረዘም ያለ ጸሎት አደረሱ፤ የእሳቸውን አባት ስም ሁለት ጊዜ ሰማሁ። ነፋሱ አመዱን እያነሳ ያወርዳል። የፈሰሰው ውሃ ዓይናችን እያየ ደረቀ።

ከወረድን በኋላ ኦቦ ዳባ ቤታቸው ወሰዱን። ባለቤታቸው ወቅቱ ካለፈ በኋላ መሬት ውስጥ ያቆየችውን አንጮቴ የሚባል ሥራ ሥር ቀቅላ፣ በቅቤና በሚጥሚጣ አቀረበችልን። እንድሪስ ሁለት ጊዜ ጨመረ። «ገላቶማ» ብሎ አመሰገናት፤ እንደ ቤት ልጅ። በእኛ አገር ሰው ከቀብር ሲመለስ እንዲህ ነው የሚበላው፣ አብዝቶ።

ሌንሴ ለማኅበሩ ልጆች ጉብታው ላይ ጅማት የለም አለቻቸው። እውነቷን ነው፤ የለም። ድንጋዩ ሁሉ ከጅረቱ የወጣ ነው፤ እውነተኛው ጅማት ጅረቱ በሚመጣበት በኩል ከፍ ብሎ የሆነ ቦታ ይኖራል። አንዳችንም ግን ልንፈልገው ተመልሰን አልሄድንም።

ይኸው ዛሬ የግንበኛውን ክብ ድንጋይ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ እጽፋለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ክብ ድንጋይ ባየሁ ቁጥር ማን ተሸክሞ አወጣው ሳልል አላልፍም። እንድሪስ አሁን ወሎ ነው፤ እህቱ ጋ። አንዳንድ ቀን ይደውላል። ስለ ሥራ፣ ስለ ዝናቡ እናወራለን። ሊዘጋ ሲል ድምፁ ዝቅ ይላል፤ «ከዚያ ወዲህ የሰማኸው ነገር የለም?» ይለኛል። የለም እለዋለሁ። «አብሽር» ይለኛል፤ እኔን ሊያጽናና።

ስለዚህ እጠይቃለሁ። ሌንሴ፣ ስንመለስ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ጭረት አይቻለሁ ብለሽ ነበር፤ እኔ አላየሁም፤ ምን ይመስል ነበር? ኦቦ ዳባ፣ አጭሩ መቃብር ላይ ውሃውን ያፈሰሱት እርስዎ ነዎት፤ ከድንጋዮቹ መሃል ያስተዋሉት ነገር ካለ ይንገሩኝ። ከሁሉም በላይ በዚያ ሰፈር የነበራችሁ፣ አሁን የትም ያላችሁ፦ ማንጎዎቹ በመስመር ከቆሙበት በላይ፣ ከጫፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በፀሐይ መውጫ በኩል፣ ራስጌው ላይ ጥቁር ጠፍጣፋ ድንጋይ ያቆማችሁለት ሰው ካላችሁ፣ የእኛ ነው በሉኝ። የእናንተ ከሆነ፣ ሌላኛዋ የእንድሪስ እናት ናት።